ምዕራፍ 7፦ 1366ኛዋ ፊደል

«ፀሐይ» የሚለውን ቃል በኮምፒውተር ፈልጉ። አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ» ብሎታል፤ ሌላው «ጸሐይ»፣ ሌላዋ «ፀሀይ»፣ አራተኛው «ጸሃይ»። ለመጀመሪያው ድምፅ ፀ እና ጸ አሉ። ለመካከለኛው ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ተሰልፈዋል። ሁለት ጊዜ ስድስት 12 ነው፤ አንዱ ቃል 12 ዐይነት አጻጻፍ ሊኖረው ይችላል። ሰው ሁሉንም አንድ አድርጎ ያነባቸዋል። ኮምፒውተር ግን የሚያየው 12 የማይዛመዱ ቃላትን ነው። የቆየ የጋዜጣ ክምችት የሚያገላብጥ ተመራማሪ በአንዱ አጻጻፍ ፈልጎ «አልተገኘም» ከተባለ፣ ነገሩ ጨርሶ አልተጻፈም ብሎ ሊደመድም ይችላል። እንዲህ ባለ ስሕተት የሚጠፋው ታሪክ ነው።

በዚህ ምዕራፍ ይህን ችግር የምትፈታ አንዲት ትንሽ መሣሪያ እንሠራለን፤ ስሟን «ፈልግ» እንበላት። የሚጫኑት ምስል የላትም። በተርሚናሉ ላይ ስሟን ስትጽፉ ትነሣለች፣ ሥራዋን ጨርሳ ትወጣለች። ኮዷ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ ያርመዋል፣ አሻሽሎ ለሌላ ያካፍለዋል። እንዲህ ያለውን ፕሮጀክት ኦፕን ሶርስ እንለዋለን። የመጀመሪያውን ኮድ ለመጻፍ አንድ ቅዳሜ በቂ ነበር። ትክክለኛነቱን ለማረጋገጥ ግን ወራት ፈጀብኝ፤ ስለዚህ ምዕራፉ የሚያተኩረው በፈተናው ላይ ነው።

የግሬፕ ውርስ

በጽሑፍ ውስጥ ቃል የሚፈልጉ የትእዛዝ መስመር መሣሪያዎች ሁሉ አንድ አያት አላቸው፦ ግሬፕ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኒው ጀርሲ ውስጥ በሚገኘው ቤል ላብስ ሊ ማክማሆን የተባለ ተመራማሪ ፌደራሊስት ፔፐርስ በሚባሉት ጽሑፎች ላይ ይሠራ ነበር። እነዚህ በ1787 እና በ1788 የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ለማስጸደቅ በብዕር ስም የወጡ 85 ጽሑፎች ናቸው፤ አንዳንዶቹን ማን እንደ ጻፋቸው ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። ማክማሆን መልሱን ከቃላቱ አጠቃቀም ለማግኘት ሞከረ። ነገር ግን በጊዜው የነበረው ኢዲ የተባለ የጽሑፍ ማረሚያ ያን ያህል ጽሑፍ መሸከም አልቻለም። የሥራ ባልደረባው ኬን ቶምሰን ከኢዲ ውስጥ የፍለጋውን ክፍል ነቅሎ አወጣና ለብቻው የሚሠራ መሣሪያ አደረገው። በኢዲ ውስጥ «ጽሑፉን ሁሉ ፈልግ፣ የተገኘበትን መስመር አትም» የሚለው ትእዛዝ ይወከል የነበረው ጂ፣ አር፣ ኢ እና ፒ በተባሉት የላቲን ፊደላት ነው፤ ግሬፕ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው።

ግሬፕ ዩኒክስ የተባለው የቤል ላብስ የኮምፒውተር ሥርዐት በ1973 ባወጣው አራተኛ እትም ውስጥ ገባ። በዚያው ዓመት የሥራ ባልደረባቸው ዳግላስ ማኪልሮይ ለዓመታት የወተወተበት ፓይፕ የተባለው ሐሳብ ዩኒክስ ላይ ሥራ ጀምሮ ነበር። ፓይፕ የአንዱን መሣሪያ ውጤት ተቀብሎ ለቀጣዩ ግብአት አድርጎ ያቀብላል። አንዱ ይፈልጋል፣ ሌላው ይቈጥራል፣ ሦስተኛው በተራ ያሰልፋል። እያንዳንዱ መሣሪያ ትንሽ ነው፤ ሲቀባበሉ ግን ትልቁን ሥራ ይሠራሉ። እንዲህ ለመቀባበል ደግሞ እያንዳንዱ ቃሉን መጠበቅ አለበት። አንዱ ቃሉን ካጠፈ ከኋላው ያሉት ሁሉ የተሳሳተ ነገር ተቀብለው በትጋት ይሠሩበታል።

መሣሪያዋ የምትገባው ቃል

ስለዚህ ኮድ ከመጻፋችን በፊት «ፈልግ» ለተጠቃሚዋ የምትገባውን ቃል እንጻፍ። አንድ፣ የሚፈለገውን ቃልና የፋይሉን ስም ትቀበላለች፤ የፋይል ስም ካልተሰጣት ፓይፑ ከሚያመጣላት ታነባለች። ሁለት፣ ቃሉ ያለበትን መስመር ጸሐፊው እንደ ጻፈው ታትማለች። ሦስት፣ ችግር ከገጠማት፣ ለምሳሌ ፋይሉ ከሌለ፣ መልእክቱን ለስሕተት በተለየው መውጫ ትልካለች እንጂ ከውጤቱ ጋር አትቀላቅለውም። አራት፣ ስትወጣ ቁጥር ትታ ትሄዳለች፦ ቃሉን ካገኘች 0፣ ካላገኘች 1፣ ችግር ካጋጠማት 2። ይህ የቁጥር ልማድ የግሬፕ ነው፤ እኛም ወርሰነዋል።

የ1 እና የ2 ልዩነት ትንሽ ሊመስል ይችላል። «ፈልጌ አጣሁ» እና «መፈለግ አልቻልኩም» ግን እጅግ የተለያዩ መልሶች ናቸው። ሺህ ፋይሎችን በተራ የሚያስፈትሽ ስክሪፕት ሁለቱን መለየት ካልቻለ፣ ያልተከፈተውን ፋይል «ቃሉ የለበትም» ብሎ ይመዘግበዋል። መጀመሪያ ላይ ያነሣነው ተመራማሪ የተሳሳተውን መደምደሚያ የሚይዘው እንዲህ ነው።

ሁለተኛውን ነጥብ ልብ በሉ፤ «ጸሐፊው እንደ ጻፈው» ይላል። መሣሪያዋ 12ቱን አጻጻፎች አንድ የምታደርገው ለማነጻጸር ብቻ ነው። የሰውን ጽሑፍ ማረም ሥራዋ አይደለም። «ጸሃይ» ተብሎ የተጻፈውን «ፀሐይ» አድርጋ ብታትም በሰው ቃል ውስጥ እጇን አስገባች ማለት ነው።

ፊደላቱ በቁጥር ቤት

የኢትዮጵያ ፊደል ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ሀ 4608 ቁጥር ላይ ተቀመጠች፤ እያንዳንዱ የፊደል ዘር ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጠው። ሰባቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ቤቶች ይይዛሉ፤ ስምንተኛው ለዲቃላ ወይም ለተጨማሪ ፊደል ይሆናል። ይህ ሥርዐት ለእኛ ሥራ ምቹ ነው። ሐ 4624 ላይ ናት፤ 16 ስንቀንስ ሀ ላይ እንደርሳለን። ኀ 4736 ናት፤ 128 ስንቀንስ ያው ሀ ናት። ሠ ላይ 16 ስንደምር ሰ፣ ከዐ 48 ስንቀንስ አ፣ ከፀ 8 ስንቀንስ ጸ እናገኛለን። በመጨረሻም የሀ እና የአ ራብዕ ከግዕዛቸው ጋር ስለሚመሳሰሉ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ እንመልሳለን። ትልቅ ሰንጠረዥ ይሆናል ብዬ የፈራሁት ነገር በጥቂት መደመርና መቀነስ አለቀ።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቈየም። አንዳንድ ሰዎች «ኋላ»ን «ሗላ» ብለው ይጽፋሉ። ሗ በሐ ዘር ስምንተኛ ቦታ ላይ፣ 4631 ቁጥር ላይ ናት። 16 ስንቀንስ 4615 ላይ እናርፋለን፤ እዚያ ያለችው ግን ሇ የተባለች፣ ከ«ኋላ» ጋር ምንም ዝምድና የሌላት ፊደል ናት። መሣሪያዋም «ሗላ»ን ወደ «ሇላ» ለውጣ ስታበቃ ምንም ሳታገኝ ትመለሳለች። የቁጥሩ ሕግ ለሰባቱ ቤቶች ይሠራል፣ በስምንተኛው ላይ ግን ሊሰበር ይችላል። ሗ ለብቻዋ ወደ ኋ እንድትሄድ መጻፍ ነበረብኝ።

ከዚህ የበለጠ ያሳሰበኝ ሌላ ጉዳይ ነበር። ሞክሼ ፊደላትን አንድ ማድረግ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። በግእዝ «ሰአለ» ለመነ ማለት ነው፤ «ሠዐለ» ደግሞ ሥዕል ሣለ። «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው፤ «ሠረቀ» ግን የፀሐይ መውጣት። የግእዝ መጻሕፍትን ለሚመረምር ሰው ሞክሼዎቹን ማዋሐድ ትርጉም ማጥፋት ነው። ስለዚህ መሣሪያዋ «እንደተጻፈ» የሚል አማራጭ አላት፤ ይህን ካዘዛችኋት ፊደሉን በፊደልነቱ ብቻ ትፈልጋለች። ይህ ውሳኔ ከኮድ ዕውቀት አልመጣም። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ጠይቆ፣ መልሱን አክብሮ የሚወሰድ ነው።

ከውጭ የሚፈትን ፈተና

አሁን ወደ ፈተናው እንምጣ። ፈተናን በሁለት ደረጃ ማዘጋጀት ይበጃል። የመጀመሪያው ከውስጥ ነው፦ የፊደሉን ለውጥ ብቻ ነጥለን «ሐ ስንሰጥህ ሀ ስጠን፣ ሗ ስንሰጥህ ኋ ስጠን» እያልን አንድ በአንድ እንጠይቃለን። ሁለተኛው ከውጭ ነው፦ መሣሪያዋን ልክ እንደ ተጠቃሚ ከተርሚናል እናስነሣና የሰጠችውን ሁሉ ከምንጠብቀው ጋር እናስተያያለን። ከውጭ የሚፈትነው አንዱ ይህን ይመስላል፦

ግብአት፦ ጸሃይ ወጣች።
ትእዛዝ፦ ፈልግ ፀሐይ
የሚጠበቅ ውጤት፦ ጸሃይ ወጣች።
የሚጠበቅ የስሕተት መልእክት፦ ባዶ
የመውጫ ቁጥር፦ 0

በእነዚህ አምስት መስመሮች ውስጥ ከላይ የጻፍነው ቃል ኪዳን ከሞላ ጐደል አለ። ፍለጋው በ«ፀሐይ» ነው፣ የተገኘው «ጸሃይ» ነው፣ የታተመውም ያው «ጸሃይ» ነው። ነገ አንድ ሰው ኮዱን ሲያሻሽል ሳያውቅ የታረመውን አጻጻፍ እንዲታተም ቢያደርግ ይህ ፈተና ይወድቃል። በዚሁ መልክ «እንደተጻፈ» ሲታዘዝ ምንም እንዳይታተምና ቁጥሩ 1 እንዲሆን፣ የሌለ ፋይል ሲሰጥ ደግሞ ውጤቱ ባዶ ሆኖ ቁጥሩ 2 እንዲሆን የሚጠይቁ ፈተናዎችን እንጨምራለን።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ አደራ እላለሁ። አዲስ ፈተና ስትጽፉ መጀመሪያ ሲወድቅ እዩት። ኮዱን ሆን ብላችሁ አበላሹ፤ 16 ያለውን 15 አድርጉት፤ ፈተናውን አስኪዱት። ካልወደቀ የፈተነው ነገር የለም ማለት ነው። የፋይሉን ስም ተሳስተን ጽፈን፣ ፈተናው ባዶን ከባዶ ጋር እያስተያየ ለሳምንታት «አልፏል» ሲለን መኖር ይቻላል። ሲወድቅ ያላያችሁትን ፈተና አትመኑት።

አንዲት ክፍት ቦታ

ፈተናዎቼ ሁሉ ካለፉ በኋላ መሣሪያዋን ለጥቂት ሰዎች ሰጠኋት። ከእነርሱ አንዷ ረጃጅም ጽሑፎችን የምታርም ባለሙያ ነበረች። በሁለተኛው ሳምንት መልእክት ላከችልኝ፦ ቃሉ ፋይሉ ውስጥ በዐይን ይታያል፣ «ፈልግ» ግን የለም ትላለች። ፋይሉን ላከችልኝ። እውነቷን ነበር።

ስሕተት ሲመጣ የመጀመሪያው ሥራ ማሳነስ ነው። ፋይሉን ከመጨረሻው መቍረጥ ጀመርኩ፤ ስሕተቱ አለ። ከቃሉ በኋላ ያለውን ሁሉ ቈረጥኩት፤ አሁንም አለ። ከዚያ ከመጀመሪያው ላይ ልነካው ስል ጣቴ ስቶ አንዲት ክፍት ቦታ ጨመርኩ። ቃሉ ተገኘ። ክፍት ቦታዋን አጠፋኋት፤ ቃሉ ጠፋ። መለስኳት፤ ተገኘ። ከቃሉ ብዙ ገጽ ርቃ የምትገኝ አንዲት ባዶ ቦታ የቃሉን ዕጣ ትወስናለች።

ምስጢሩ ያለው ፊደላችን በፋይል ውስጥ በሚቀመጥበት መንገድ ላይ ነው። ዛሬ አብዛኛው ጽሑፍ የሚቀመጠው በዩቲኤፍ-8 ነው፤ ይህን ሥርዐት በ1992 የነደፉት ሮብ ፓይክና ያው የግሬፕ ሠሪ ኬን ቶምሰን ናቸው። በዚህ ሥርዐት የላቲን ፊደልና ክፍት ቦታ አንድ አንድ ባይት ሲይዙ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ሀ ብለን ስንጽፍ ፋይሉ ውስጥ የሚገቡት 225፣ 136 እና 128 የተባሉ ሦስት ቁጥሮች ናቸው። «ፈልግ» ደግሞ ለፍጥነት ብዬ ፋይሉን በ4096 ባይት እየቈረሰች እንድታነብ አድርጌያት ነበር። 4096ን ለሦስት አካፍሉት፦ 1365 ይደርስና አንድ ይተርፋል። ያች የተረፈችው አንዲት ባይት የ1366ኛዋ ፊደል ሢሶ ናት። ቍራሹ ከፊደሏ ሢሶ ላይ ይቈረጣል፤ ቀሪዎቹ ሁለት ባይቶች ወደሚቀጥለው ቍራሽ ይሄዳሉ። ኮዴ የተቈረጠውን ሢሶ ይዞ እንደ መጠበቅ፣ የተበላሸ ፊደል ብሎ ጣለው። ከፊት አንድ ክፍት ቦታ ሲጨመር ሁሉም በአንድ ባይት ይገፋል፤ ቍራሹም በፊደልና በፊደል መካከል ያርፋል።

ኮዱን ማስተካከል ሩብ ሰዓት አልፈጀም፦ በቍራሹ መጨረሻ ያልሞላ ፊደል ካለ ትርፉን ይዞ ከሚቀጥለው ጋር መቀጠል። ትልቁ ነገር ከዚያ በፊት የሠራሁት ነው። 1365 ሀ ደርድሬ ከኋላቸው «ፀሐይ» ጻፍኩና ፈተና አደረግኩት። ሲወድቅ አየሁት። ኮዱን አረምኩ፤ ሲያልፍ አየሁት። ያ ፈተና ከኮዱ ጋር ተቀመጠ።

አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። እኔ ይህን ስሕተት እንዴት እንዳገኘሁት ከጥቂት ወራት በኋላ ልረሳው እችላለሁ። ከእኔ በኋላ ኮዱን የሚነካ ሰው ደግሞ ጭራሽ አልሰማውም። የሚያስታውስለት ፈተናው ነው።

የማይተዋወቁ ሰዎች ሥራ

ለዚህም ነው ለረጅም ዘመን የኖሩ የኦፕን ሶርስ መሣሪያዎች ፈተናዎቻቸውን እንደ ኮዱ የሚንከባከቧቸው። ከርልን እንይ። ከኢንተርኔት ፋይል የሚያመጣ የትእዛዝ መስመር መሣሪያ ነው። ሥሩ ብራዚላዊው ራፋኤል ሳጉላ በ1996 የጻፈው ትንሽ ፕሮግራም ሲሆን ስዊድናዊው ዳንኤል ስቴንበርግ ያን ተረክቦ እያሳደገ በመጋቢት 1998 ከርል በሚል ስም አወጣው። ዛሬ ፕሮጀክቱ ከሺህ በላይ ፈተናዎች አሉት። እያንዳንዳቸው በተራ የጽሑፍ ፋይል የተጻፉ ናቸው፦ አስመሳይ ሰርቨር የሚመልሰው መልስ፣ የሚታዘዘው ትእዛዝ፣ ከርል ይልካል ተብሎ የሚጠበቀው። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊትም እንዲሁ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በሚያዝያ 2005 ጀመረው፤ ከዚያው ዓመት ሐምሌ ጀምሮ የሚመራው ጁኒዮ ሃማኖ ነው። ፈተናዎቹ በአንድ ፎልደር ውስጥ በቁጥር ተሰልፈው የተቀመጡ ስክሪፕቶች ናቸው፤ ለውጥ የሚልክ ሰውም ፈተና አብሮ እንዲልክ ይጠየቃል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በመሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ያልገባውን ነገር ጎረቤት ጠረጴዛ ሄዶ ይጠይቃል። በኦፕን ሶርስ ግን ኮዱን የጻፈውና የሚያርመው ሰው ተያይተው ላያውቁ ይችላሉ። በመካከላቸው ውቅያኖስ ወይም ዐሥር ዓመት ሊኖር ይችላል። በመካከላቸው የሚቆም ሽማግሌ ፈተናው ነው፦ ምን ቃል እንደ ተገባ ያውቃል፣ ለማንም አያደላም፣ በጠየቁት ጊዜ ሁሉ ያንኑ ይመልሳል።

ሽማግሌው ራሱ ግን ሊሳሳት እንደሚችል ያየሁት በኋላ ነው። አንድ የማላውቀው ወጣት «ፈልግ»ን የሚያፈጥን ለውጥ ላከ። በ4096 ፈንታ በ65536 ባይት እየቈረሰ የሚያነብ አዲስ ክፍል ጽፎ፣ የተቈረጠ ፊደልን ይዞ የሚጠብቀውን ኮድ አላስፈላጊ መስሎት አውጥቶት ነበር። ፈተናዎቹን ሁሉ አስኬድኳቸው፤ ሁሉም አለፉ። ልቀበለው ተቃርቤ ሳለ 65536ን ለሦስት አካፈልኩት። 21845 ደረሰና አንድ ተረፈ። ሁለትን በሁለት እያባዛችሁ የቱንም ያህል ብትሄዱ ሦስት እኩል የሚያካፍለው ቁጥር አታገኙም። የድሮው ስሕተት ተመልሶ መጥቷል፤ ቤቱን ግን ከ1366ኛዋ ፊደል ወደ 21846ኛዋ ቀይሯል። የእኔ ፈተና የሚጠብቀው የድሮውን ቤት በር ነበር።

ጥፋቱ የወጣቱ አልነበረም። እኔ የጻፍኩት ፈተና ስሕተቱ የታየበትን ቦታ ይጠብቅ ነበር፤ መጠበቅ የነበረበት ግን ሕጉን ነው። ሕጉ ይህ ነው፦ ጽሑፉ በማንኛውም መጠን ቢቈረስ መልሱ አይለወጥም። ስለዚህ የቍራሹ መጠን ከውጭ የሚታዘዝ እንዲሆን አደረግኩና ፈተናዎቹን ሁሉ በአንድ ባይት፣ በሁለት፣ በሦስት፣ በአራት እና በአምስት ባይት ቍራሽ አስኬድኳቸው። በአንድ ባይት ሲቈረስ እያንዳንዱ የእኛ ፊደል ይሰበራል፤ ስሕተቱ ካለ መደበቂያ የለውም። «ፀሐይ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ያለበት ፋይል ይበቃል፤ 1365ቱ ሀዎች አላስፈለጉም።

አዲሱን ፈተና ከፕሮጀክቱ ጋር አዋሐድኩና ለወጣቱ «እባክህ ፈተናዎቹን እንደገና አስኪዳቸው» ብዬ ብቻ ጻፍኩለት። ስለ ሢሶ ፊደል፣ ስለ አርታዒዋ ፋይል፣ ጣቴ ስቶ ስለ ጨመርኳት ክፍት ቦታ አንድም ቃል አልነገርኩትም። በዚያው ምሽት የተስተካከለው ለውጥ ደረሰኝ። ያወጣውን ኮድ በራሱ አጻጻፍ፣ ከእኔው በተሻለ አጭርና ግልጽ አድርጎ መልሶታል። ከላዩ ላይም አንዲት የማብራሪያ መስመር ነበረች፦ «ፊደል ከመካከሉ ሊቈረጥ ስለሚችል ትርፉን ያዝ።»